አርፈዋል

ጥር 13 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

የበጎ ፈቃደኞቹ ሥልጠና ዛሬ አለቀ። ሁለት ሠልጣኞች ሻይና ዳቦው ለመጀመሪያው ቀን ብቻ መሆኑን ሲያውቁ ቀርተዋል። ከጸኑት ግማሾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ሰርተፊኬት ይፈልጋሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግማሾቹ ከወለጋ ተፈናቅለው ከደብረ ብርሃን ዳር ባለው መጠለያ የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። ራሳቸው ረዳት የሚፈልጉ ሰዎች ለምን ሰው ሊያስታምሙ እንደመጡ ጠየቅኳቸው። ይመኙሻል የምትባለው "የራሳችንን ሰዎች ሳናስታምም ጥለን ነው የወጣነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሌላዋን አልጠየቅኩም።

ለመዝጊያ የቤቱን ነገር ደግሜ አስረዳሁ። ቤታችን እፎይታ ሆስፒታል አይደለም። ሐኪም "ከእንግዲህ ወደ ቤት ውሰዷቸው" ያላቸውን፣ ቤት ግን የሌላቸውን ወይም አስታማሚ ያጡትን እንቀበላለን። ሕመማቸውን እናስታግሳለን፣ እናጥባቸዋለን፣ አጠገባቸው እንቀመጣለን። ሰባት አልጋ አለን፤ ነርሳችን ሲስተር ጥሩዬ ናት። እኔ ደግሞ ገንዘብና በጎ ፈቃደኛ ፈላጊዋ ነኝ።

ደንቡንም ነገርኳቸው። በዚህ ግቢ "ሞተ" አይባልም። "አረፉ" ነው የሚባለው። ይመኙሻል እጇን አወጣች።

"እትዬ ሀይማኖት፣ ሕመሙ ለቀቅ አድርጓቸው እፎይ ሲሉስ ምን እንበል?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። "እሱንም አረፉ በሉት፤ ከአነጋገሩ ይለያል" አልኳት። ይህን ሁሉ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አላጣም።

ጥር 15፣ ሐሙስ

አከራያችን ዛሬ መጣ። ሕንጻውን ለፔንሲዮን የሚፈልግ ሰው አግኝቷል። የዓመቱን ኪራይ እስከ የካቲት መጨረሻ በአንድ ጊዜ ካልከፈልን እንለቃለን። ትሕትናው ለጉድ ነው፤ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ።

የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን ጋ ሄድኩ። ዱቄት ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚያነጋግረኝ፤ ስወጣ ጫማዬ ነጭ ይሆናል። የገቢ ማሰባሰቢያው እሑድ የካቲት 9 ይሁን አለ፤ ጾም ከገባ ማን ይበላል፣ ማንስ ይጫረታል። እኔ ስለ ሰባቱ አልጋዎች ስዘረዝርለት እጁን አነሣ።

"ሀይሚ፣ ሰው ለአልጋ አይሰጥም። ሰው ለሰው ነው የሚሰጠው። አንድ ሰው አሳዪን።"

ትክክል ነው። ስወጣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ዐውቄያለሁ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

እማማ አልታየች ከአንኮበር በታች ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። የቄስ ባለቤት ነበሩ፤ ባልየው ከሞቱ ቆይተዋል። ካንሰሩ ሆዳቸው ውስጥ ነው። ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ። ትናንት ሲስተር ጥሩዬ "ይሻልዎታል" ስትላቸው "እስቲ ውሸቱን ተዪና ጀርባዬን እከኪልኝ" አሏት። ወደድኳቸው። ፊታቸው ደግሞ ለፎቶ የተሠራ ነው፤ ይህን ማሰቤ ነውር ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ማታ አጠገባቸው ስቀመጥ ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። አንድ ልጅ አላቸው፣ ተፈራ። አባቱን ተክቶ እንዲቀድስ፣ አግብቶ እንዲወልድ ነበር ምኞታቸው። እሱ አንድ ቀን ተነሥቶ ቁልቁል ቆላ ውስጥ ካለ ገዳም ገባ፤ መነኮሰ። አሁን አባ ወልደኪዳን ነው የሚባለው። ሊሰናበታቸው የመጣ ዕለት ደጃፍ ላይ ቆመው ገዘቱት።

"ምን አልኩት መሰለሽ? 'ቆብ ከደፋህ እኔን አትቀብረኝ፤ ብትቀብረኝ የአባትህ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋህ' አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ጉልበቴን ስሞ ሄደ። ይኸው፣ ከዚያ ወዲህ ዐይኑን አላየሁም።"

"ለንስሐ አባትዎ ነግረው አያነሡትም?" አልኳቸው።

"ነግሬያለሁ። 'እግዜር ይፍታሽ' ብለውኛል። እኔን ፈቱኝ፤ እሱን ማን ፈታው? እሱን ያሰርኩት በዚህ አፌ ነው። ከዚህ አፍ ወጥቶ ከጆሮው ካልገባ አልተፈታም። ግዝቴን ሳላነሣ ብሞት፣ ልጄ ቀብሬ ላይ መቆም አይችልም። ያውም የታዘዘ ልጅ ነው፣ አይቆምም።"

ገዳሙ ስልክ አይደርሰውም። ግን አሊዩ አምባ ገበያ በቆመ ቁጥር አንድ የገዳሙ ተላላኪ ለጨውና ለጋዝ ይወጣል፤ ለሱ የተነገረ ማታውኑ ይደርሳል። እኔ ደግሞ አሊዩ አምባ ሰው አለኝ፤ እንድሪስ የሚባል ነጋዴ፣ አባቱ በኛ ቤት ነው ያረፉት። በየሳምንቱ ደብረ ብርሃን ይመጣል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው።

"በሚቀጥለው ገበያ እልክበታለሁ" አልኳቸው። እጄን ሳሙት።

ጥር 19፣ ሰኞ

እንድሪስ መጥቶ ነበር። መልእክቱን አልነገርኩትም። አቶ ጌታሁን ቪዲዮ ቀራጩን ይዞ መጥቶ ስለነበር ግርግር ሆነ። ደግሞም አስቤበታለሁ፤ ልጃቸው አሁን ቢመጣ ወደ ቀዬአቸው ልውሰዳት ይላል፣ እሳቸውም እሺ ይላሉ፣ ያ መንገድ ደግሞ ያንገላታቸዋል። ለሳቸው ነው የማስበው። ከዝግጅቱ በኋላ ይሻላል።

ጥር 21፣ ረቡዕ፣ አስተርእዮ ማርያም

ደስ የሚል ቀን።

ሲስተር ጥሩዬ የሞርፊኑን ሽሮፕ መጠን አስተካክላ ከትናንት ጀምሮ በሰዓት በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች። እማማ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኙ። ጠዋት ከቪዲዮ ቀራጩ ጋር ስገባ ፊታቸው ተፈትቷል። "ልጄ" አሉኝ፣ "ዛሬ ገና አረፍኩ።"

ጎረቤት ካለው ቤተ ክርስቲያን ቄሱ መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ለሁሉም ጧፍ ታደለ። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጧፉን ይዘው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ ፎቶ አነሣኋቸው። የእጃቸው ጅማት ሳይቀር ይታያል። ለፌስቡክ ገጻችን ጽሑፉን ራሴ ጻፍኩት፤ ቃላቸውን ሳልነካ።

"እማማ አልታየች ከረጅም ሥቃይ በኋላ በእፎይታ አርፈዋል። እርስዎ የሚሰጡት ለሌሎች እናቶችም ማረፊያ ይሆናል።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "እፎይታ" የቤቱም ስም ነው፣ ስሜቱም ነው። ትንሽ ኮራሁ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። "በእመቤታችን የዕረፍት ቀን ማረፍ መታደል ነው።" አስተያየቱ እንዲህ ነው ከላይ እስከ ታች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ጽሑፌን ደግሜ ሳነበው ወንበሩ ላይ ዐረፍ አልኩ። ጧፍ፣ ነጠላ፣ የተጨፈነ ዐይን፣ የአስተርእዮ ዕለት፣ "አርፈዋል"። እኔም የሌላ ሰው ገጽ ላይ ባየው ነፍስ ይማር ብዬ ነበር የማልፈው።

ይመኙሻል ስልኳን ይዛ መጣች። "እትዬ፣ ሰው ሞቱ ብሎ እኮ ነው።" ዐይቻለሁ አልኳት። "ታዲያ እናስተካክለዋ።" አሁን አስተካክለዋለሁ አልኳት። ትናንት ማታና ዛሬ ወደ ሒሳባችን የገባው ካለፈው ዓመት ሙሉ ይበልጣል። አቶ ጌታሁንን ሳላማክር መንካት የለብኝም።

ጥር 23

ጌታሁን፦ "ውሸት ጽፈሻል? አልጻፍሽም። አርፈዋል ወይስ አላረፉም?"

አርፈዋል።

"በቃ። ሰው የገባውን ይግባው። ከዝግጅቱ በኋላ ታስተካክዪዋለሽ።"

ጥር 26፣ ሰኞ

ጨረታ። አዳራሽ። ኬክ ማን ይጋግራል። የድምፅ ማጉያው ሰውዬ ቀብድ ይላል።

እንድሪስ መጣ፤ ችኩል ነበርኩ። "እትዬ፣ ለቆላው መልእክት አለሽ ብለውኛል እማማ" አለኝ። ለካ ራሳቸው በመስኮት ጠርተውት ኖሯል። እኔ ደግሜ እነግርሃለሁ፣ ለሳምንት ይሁን አልኩት። ስንት ነገር ደራርበው ይጭኑብኛል። ከሰባቱ አንዳቸው ብቻ እኮ ናቸው።

ጥር 28

ማታ ሳያቸው "ተላላኪው አገኘው?" አሉኝ። "መልእክቱ መንገድ ላይ ነው" አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

የካቲት 3፣ ሰኞ

አቶ ጌታሁን ለጨረታ የሚሆን ነገር ይፈልጋል፤ ሥዕል ሰው አይገዛም አለ። "የእማማ የሆነ ነገር የለም?" የበግ ጠጉር ባና አላቸው፤ መንዝ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ የባለቤታቸው የነበረ። ከመጡ ጀምሮ ከላያቸው ወርዶ አያውቅም።

ጠየቅኳቸው። ለቤቱ መሆኑን ነገርኳቸው። ጫፉን ዳበሱት። "ሌሎቹ እንዳይበተኑ ከሆነ ውሰጂው" አሉኝ። በምትኩ ከከተማው ብርድ ልብስ ፋብሪካ የመጣ አዲስ ብርድ ልብስ አለበስኳቸው። ያምራል፤ አበባ አለው። ይመኙሻል አልጋውን ስታነጥፍ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። እሷ ዝም ስትል ከሌላ ሰው ንግግር ይበልጥ ያደክመኛል።

ሀሳቡ የጌታሁን ነው። እጁ ግን የኔ ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

አልቋል። እግሬ አብጧል። ደክሞኛል፤ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆመ። ቪዲዮው ታየ፤ እማማ "ዛሬ ገና አረፍኩ" ይላሉ፤ ሰው አለቀሰ። ከዚያ አቶ ጌታሁን መድረክ ላይ ወጣ። ባናው ተዘርግቶ በሁለት ልጃገረዶች ተይዟል። "ከጨረታው በፊት" አለ፣ "ለእናታችን ለእማማ አልታየች የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።"

ይህን እንደሚል አልነገረኝም። እውነቴን ነው፣ አልነገረኝም። አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። የወንበሩ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማይክ እጄ አጠገብ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሽፋኑ ሳይቀር ተነሥቶ። ማይኩን አየሁት። ከዚያ እኔም ከሰዉ ጋር ተነሥቼ አንገቴን ደፋሁ። የኅሊና ጸሎት ነው፤ ኅሊናዬ የት እንደነበረ ልጻፍ? ኬኩ ለሁሉም ይዳረስ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ይመኙሻል ከኋላ በር አጠገብ ነበረች። አልቆመችም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠችው እሷ ብቻ ነበረች።

ባናውን አንድ የብረት ነጋዴ ወሰደው። የዓመቱ ኪራይ ሞላ፤ ለመድኃኒትም ተርፏል። ሰባቱም አልጋዎች አይነሡም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ደጋግሜ ለራሴ የምለው ይህንኑ ነው።

ስመለስ እማማ ነቅተው ነበር።

"ሰው መጣ?"

"ሞልቶ ነበር።"

"ስለኔስ ምን አሉ?"

"ሁሉም ተነሥተው ቆሙልዎት።"

"ለኔ?" አሉ። ፈገግ አሉ። ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ስበው "አይ፣ እኔ ደግሞ ማን ሆኜ" አሉ፤ ግን ደስ ብሏቸዋል። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

በጠዋት ገጻችን ላይ "እማማ አልታየች በሕይወት አሉ" ብዬ ጻፍኩ። አቶ ጌታሁን ወዲያው ደወለ። ሰው አታለላችሁን ብሎ ገንዘቡን ቢጠይቅስ፣ የብረት ነጋዴው ባና ይዞ ሬዲዮ ጣቢያ ቢሄድስ፣ ሌላው ቀርቶ ቤቱ ራሱ ቢዘጋስ። "ውሉ እስኪፈረም" አለ። አጠፋሁት። ሦስት ሰው "ላይክ" አድርጎት ነበር።

እንድሪስን ግን አገኘሁትና ነገርኩት። በመጨረሻ። "አባ ወልደኪዳን የሚባል መነኩሴ፣ በዓለም ስሙ ተፈራ፤ እናትህ ትጠራሃለች፣ ግዝቷን ልታነሣ ነው፣ ቶሎ ድረስ።" ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። "ኢንሻአላህ፣ በዚህ ገበያ ይደርሳል" አለኝ።

የካቲት 13

ይበርዳቸዋል። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። "ይሄ ነገር ክብደት የለው፣ ሰው የለበስኩ አይመስለኝም" አሉ። ባናውን አልጠየቁም። መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ አልጠየቁም።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት

የቅበላ ቀን ነው። ተማሪዎቹ ድግስ አዘጋጅተው ነበር። እማማ ሁለት ጉርሻ ቀመሱ፤ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ነበር። ሲስተር ጥሩዬ ወደ ጓዳ ጠርታኝ "ዐቢይ ጾምን አይጨርሱም" አለችኝ። ስለጾሙ ነው የምትነግረኝ መስሎኝ "ታማሚ አይጾምም" አልኳት። ክንዴን ይዛ አየችኝ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

እንድሪስ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ ያሻል።

"ነገርኩት፣ ለተላላኪው፣ ቃል በቃል። አማተበ። 'ምን ትላለህ፣ ሴትየዋ አርፋለች' አለኝ። 'አባ ወልደኪዳን ከሰማ ቆይቷል' አለ። አንድ ልጅ አሊዩ አምባ ላይ በስልኩ አሳይቶት ኖሯል፤ ፎቶዋን፣ ጧፍ ይዛ። የእፎይታ ቤት ራሱ የጻፈው ነው አለኝ። እኔ አለች ስለው 'የሞተች ሴት ልጅ አታስጠራም፣ አትቀልድ' ብሎ ተቆጣኝ። ጾም ስለሆነ ከእንግዲህ እስከ ፋሲካ አይወጣም።" ኮፍያውን መልሶ አጠለቀና "እትዬ፣ እናንተ ናችሁ እንዴ የጻፋችሁት?" አለኝ።

ነው አልኩት።

መንገዱ ያው መንገድ ነው። በዚያው ገበያ፣ በዚያው ተላላኪ። የኔን መልእክት ሳልልክ የኔ ጽሑፍ ቀድሞኝ ደርሷል። ያን ዕለት እንድሪስን አስቁሜ አንዲት ቃል ብነግረው ኖሮ ዛሬ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ነበር፤ እናትም፣ ልጅም፣ እኔም። ለምን እንዳልነገርኩት ጥር ላይ ጽፌያለሁ። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፤ "ለሳቸው ነው የማስበው" ይላል። ልጁ ቢመጣ ይወስዳቸዋል፣ ቢወስዳቸው ለዝግጅቱ የማሳየው ሰው አይኖረኝም፤ ይኸው ነበር።

ራሴ መሄድ አለብኝ። በመኪና እስከ አንኮበር፣ ከዚያ በእግር ቁልቁል። ነገ።

የካቲት 20

አልሄድኩም። የመኪናው ጎማ። አቶ ጌታሁን ለቅዳሜ ሌላ መኪና እሰጥሻለሁ አለ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

እማማ ቃላቸው እየሳሳ ነው። ዛሬ ዐይናቸውን ከፍተው ለረጅም ጊዜ በሩን ካዩ በኋላ እኔን ጠሩኝ።

"አልመጣም?"

"ነገ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።"

"አንቺ ልጅ፣ ደግ ነሽ" አሉኝ። ምነው ያን ባይሉኝ። "ካልደረሰ እንግዲህ አፌን ላንቺ ሰጥቻለሁ። 'እናትህ ፈታሃለች፤ ና ቅበረኝ ብላለች' በዪው። ልክ እንደዚህ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።"

አስደገሙኝ። እንደ ተማሪ ቆሜ ደገምኩላቸው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

መኪናው መጣ። አከራዩም መጣ። ውሉን ዛሬ ካልፈረምን ሰኞ ለሌላው እሰጣለሁ አለ፤ ፈራሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ማኅተሙ ሲጠበቅ፣ ምስክር ሲፈለግ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በዚህ ሰዓት ቆላ አይወረድም። ነገ ሰንበት ነው፤ ሰኞ በጠዋት እሄዳለሁ።

ውሉ ተፈርሟል። ሁሉም አጨበጨቡ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ጫማዬን እያሰርኩ ሲስተር ጥሩዬ ደወለች።

አረፉ።

የካቲት 25

ትናንት ከሰዓት ቀበርናቸው፤ ከቤታችን በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን። ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ አዳራሽ የሞላ ሰው ማን ይጥራው? በምን አፍ? ከአንድ ወር በፊት ነፍስ ይማር ብሏል። ይመኙሻልና የመጠለያው ሴቶች ናቸው ያለቀሱላቸው፤ ወግ ባለው ለቅሶ፣ እንደ ዘመድ። ለራሳቸውም ሰዎች ጨምረው የሚያለቅሱ መሰለኝ።

ማንም ልጅ "እናቴ" አላለም።

ስንመለስ ይመኙሻል አጠገቤ መጥታ "አሁን ገጹ ላይ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?" አለችኝ። ልትጎዳኝ አልነበረም የጠየቀችው።

የካቲት 27

ገዳሙ ድረስ ሰው ልኬ ልንገር ወይስ ልተወው? እሱ ልቅሶውን ጨርሷል። እናቱ በጥር፣ በእመቤታችን ቀን፣ በሰላም እንዳረፈች ያምናል። ያን ልንጠቀው? ቃላቸውን ላደርስ ግን ቃል ገብቻለሁ። ቃሉን ካደረስኩ "መቼ ነው ያለችው" ይለኛል። አንዱን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልችልም።

አቶ ጌታሁን "ተዪው፣ ለእሱም የሚሻለው ነው" አለ። ከአፌ ነጥቆ የተናገረ መሰለኝ፤ ያ ነው ያስጠላኝ።

የካቲት 30፣ እሑድ

ሳልልክበት መጣ።

ከቅዳሴ መልስ በጎ ፈቃደኞቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ረጅም መነኩሴ በሩ ላይ ቆሙ፤ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ነው። ፊታቸው የእማማ ፊት ነው። ማንም ሳይነግረኝ ተነሣሁ።

"የወለተሐና ልጅ ነኝ" አሉ፤ ወለተሐና የእማማ የክርስትና ስም ነው። "መምህሩን አስፈቅጄ ነው የመጣሁት። ዛሬ አርባዋ ነው።" በጨርቅ የተጠቀለለ ጧፍ ይዘዋል። "ቀብሯ ላይ እንዳልቆም ገዝታኝ ነበር። ለዚህ ነው በጊዜው ያልመጣሁት። ስለ አርባዋ ግን ያለችው የለም።"

ጥር 21 ብለው ከጽሑፌ ቀን ጀምረው ነው የቆጠሩት። ቆጠራቸው ልክ ነው።

ይመኙሻል አየችኝ። "መቃብሩን ላሳይዎት" አልኳቸው።

ዳገቱን ስንወጣ የምለውን አሰናድቼ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ሰባቱ አልጋዎች፣ ሰው ጽሑፍ እንዴት በተሳሳተ መንገድ እንደሚረዳ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ክምሩ ገና አልተደላደለም። ከሥር የወጣው ጥቁር አፈር አልነጣም። ሴቶቹ ያኖሩት ቄጠማ ግማሹ አረንጓዴ ነው።

አባ ወልደኪዳን ቆሙ። ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ነኩት፤ አሹት። የገበሬ አገር ልጅ ናቸው፤ የሰነበተና ያልሰነበተ አፈር ያውቃሉ። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

"እኅቴ፣ እናቴ መቼ ነው ያረፈችው?"

"በጥር አላረፉም አባ" አልኩ። "እርስዎን እየጠበቁ ነበር። የሞቱት ባለፈው ሰኞ ነው።"

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ከዚያ የቀረውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጽሑፉ የኔ እንደሆነ፣ እንደተሳሳተ በማግስቱ እንዳወቅኩ፣ ዐውቄም እንዳላረምኩት፣ መልእክቱን እንዳቆየሁት። ለምን እንዳቆየሁትም። ኪራይ የሚለውን ቃል አላነሣሁም።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

"በየቅዳሴው ስሟን ከሙታን ጋር ስጠራ ነው የከረምኩት" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እሷስ ትጠራኝ ነበር?"

"በየቀኑ።"

"ምን ብላ?"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "እናትህ ፈታሃለች፤ ና ቅበረኝ ብላለች" አልኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

አባ ወልደኪዳን ተንበረከኩ። ከመቃብሩ ዳር የተረፈውን አፈር በሁለት እጃቸው ዘግነው ክምሩ ላይ አፈሰሱ። ደግመው ዘገኑ። ደግመው። እንዲያ ቆሜ ማየት ስላልቻልኩ ከጎናቸው ተንበርክኬ እጄን ወደ አፈሩ ሰደድኩ።

በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ፣ በቀስታ።

"አንቺ ተዪው" አሉኝ። "ቅበረኝ ያለችው እኔን ነው።"